«በነፃ ሰጠሁት፤ አሁን ግን ያንገበግበኛል»

በዚህ አምድ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናት፣ ስለ አበዳሪና ተበዳሪ፣ አንዳንዴም ስለ አማት ስንጨዋወት ቆይተናል። ሰሞኑን የደረሰኝ ደብዳቤ ግን ከየትኛው ጋር እንደማስቀምጠው ግራ ገብቶኝ ሁለት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ተኛ። አጀማመሩ የኩርፊያ ነው። መሃሉ ላይ የሌብነት ይሆናል። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ኦፕን ሶርስ ላይሰንስ» የሚል ነገር ብቅ ይላል። አንዲት ጓደኛዬ ላይሰንስ የሚለውን ስትሰማ «መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ነው እንዴ?» አለችኝ። እሱ አይደለም፣ ትንሽ ታገሱኝ። ደብዳቤውን ባለቤቱ ፈቅዶልኝ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«እህቴ፣ ዕድሜዬ 23 ነው። ኮምፒውተር የምነካካው ለእንጀራ ሳይሆን ለነፍሴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ከጓደኛዬ ጋር ሆነን የእቁብ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ሠራን። የእናቴ እቁብ ይጠቀምበታል። ሌላውም ይጠቀምበት ብዬ ኮዱን ኢንተርኔት ላይ አወጣሁት፤ ሳንቲም አልጠየቅሁም። ባለፈው ወር አንድ አብሮን የተማረ ልጅ ቀለሙን ቀይሮ፣ ስማችንን ሰርዞ፣ የራሱን ለጥፎ ሌላ ሰፈር ላሉ እቁቦች በክፍያ ሲሰጥ ደረስኩበት። ስጠይቀው ‹በነፃ አይደል እንዴ ያወጣኸው?› አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹እንሽጠው ስልህ እምቢ ያልከው አንተ ነህ› ብሎ አኮረፈኝ። ሦስት ሳምንት አልተነጋገርንም። በነፃ ሰጠሁት፤ አሁን ግን ያንገበግበኛል። እኔ ስስታም ነኝ?»

መልሴን በአጭሩ ልንገርህና ወደ ጨዋታው ልግባ። አይደለህም። ስስታም ሰው መጀመሪያውኑ አያወጣውም። ያንተ ችግር ስትሰጥ ምኑን እንደሰጠህና ምኑን እንዳስቀረህ አለመናገርህ ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ እንዳይመስልህ። የራሴን ጉድ ላውጣ። ሃይስኩል እያለሁ የክፍላችን ሴቶች የቴክስት ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። አንዷ «ተጣላን፣ እስቲ የሆነ ነገር ጻፊልኝ» ካለችኝ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ከዴስክ ሥር ጽፌ እሰጣታለሁ። ክፍያዬ ሻይና ሳምቡሳ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ይረሳል። ስሜ እንዲኖርበት ፈልጌ አላውቅም፤ የፍቅር መልእክት ላይ የጸሐፊ ስም ምን ሊሠራ! ታዲያ አንድ ቀን፣ እኔ ራሴ ልቤ የከጀለው ልጅ ስልኩን አውጥቶ «እዪማ፣ እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ አሳየኝ። ቃል በቃል የኔ! ከሁለት ወር በፊት ለሌላ ልጅ፣ ለሌላ ጉዳይ የሰጠሁት፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ዞሮ እሱ ጋ ደርሷል። ምን እላለሁ? «ቆንጆ ነው» አልኩት። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ። ልጅቷን ልወቅሳት አልቻልኩም፤ ለማን መላክ እንደሚቻልና እንደማይቻል የነገርኳት ነገር የለማ!

እንግዲህ እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ደብተር የዘጋሁ ሰው ነኝ፤ ኮምፒውተር ላይ ከመጻፍ ያለፈ እውቀት አልነበረኝም። ስለዚህ የሚያውቁትን ጠየቅሁ፣ አነበብኩ፣ ከዚያም አንድ እሁድ ልጁ ቤት ሄድኩ።

የእናቱ እቁብ በወር አንዴ እሁድ ይሰበሰባል። ሰብሳቢዋ እሳቸው ናቸው። ድሮ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ይያዝ የነበረው አሁን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ገብቷል፦ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ለማን ወጣ፣ ዋሱ ማን ነው፣ ቅጣቱ ስንት ደረሰ። እናቱ ቡና እያፈሉ የጳጉሜን ታሪክ አጫወቱኝ። በመጀመሪያው ዓመት ፕሮግራሙ ጳጉሜን እንደ ሙሉ ወር ቆጥሮ፣ ነሐሴ ላይ የከፈለውን ሰው ሁሉ «ቀኑ ደርሷል፣ ክፈል» አለው። «ጎረቤት ለጎረቤት ልንናከስ!» አሉ። ያኔ ያ ያኮረፈው ጓደኛ ሳምንት ሙሉ ተቀምጦ የዘመን አቆጣጠሩን ክፍል እንደገና ጻፈው፤ ጳጉሜ 5 ቀን ስትሆንም፣ 6 ቀን ስትሆንም እንዳይሳሳት አድርጎ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ለማታውቁት ባጭሩ፣ ፕሮግራም ሁለት መልክ አለው። አንዱ ስልካችን ላይ የምንነካካው ነው፤ እሱን ወጥ በሉት። ሌላው ፕሮግራመሩ የጻፈው ጽሑፍ ነው፤ ኮድ ይሉታል፣ የወጡ አሠራር ማለት ነው። ወጥን በመቅመስ ብቻ አሠራሩን ማወቅ እንደሚያስቸግር የሞከረ ያውቀዋል። ኦፕን ሶርስ የሚሉት ወጡንም አሠራሩንም ሲያቀርቡ ነው። ላይሰንስ ደግሞ አሠራሩን ያገኘ ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል፣ በምላሹም ምን እንደሚጠበቅበት የሚናገር ወረቀት ነው።

ልጁ ይህን ወረቀት አልጻፈም። «ዝም ካልኩ ለሁሉም ፈቀድኩ ማለት መስሎኝ» አለኝ። ብዙ ወጣት ፕሮግራመሮች እንዲህ ነው የሚያስቡት፤ ሕጉ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው። አገራችን በ1996 ዓ.ም. ያወጣችው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራ ብሎ ከሚዘረዝራቸው ውስጥ መጻሕፍት፣ የጋዜጣ ጽሑፍና የኮምፒውተር ፕሮግራም አንድ ላይ ናቸው። (የኔ አምድና የእሱ ኮድ በሕግ ፊት ጎረቤታሞች መሆናቸውን ሳውቅ ትንሽ ኮራሁ።) መብቱ የሚጀምረው ሥራው ከተፈጠረ ጀምሮ ነው፤ አስመዝግብ አላስመዝግብ የሚል ጣጣ የለውም። ስለዚህ ዝም ካልክ «ውሰዱ» አላልክም፤ «አይቻልም» እንዳልክ ነው የሚቆጠረው። ሌሎች አገሮችም በአብዛኛው እንዲሁ ነው።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ያ ስም ሰርዞ የወሰደው ልጅ ወረቀት ኖረ አልኖረ ግድ አልሰጠውም። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር አንዲት አበሻ ግን የእነሱን እቁብ በዶላር ለመያዝ ፈልጋ፣ ስህተትም አግኝታ ልታርምላቸው አስባ፣ «ላይሰንስ ስለሌለው ልነካው አልችልም፣ እባክህ አንድ ነገር አድርግበት» ብላ ጽፋለት ነበር። አራት ወር ሙሉ አልመለሰላትም፤ የምትለው አልገባውም ነበር። ያለ ላይሰንስ የወጣ ኮድ ጨዋውን ያስፈራል፣ ዓይን አውጣውን አይከለክልም።

እሺ፣ ላይሰንስ ይኑረው። የቱ? እዚህ ላይ ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምክር ሁሉ ራስ ያዞራል፤ ስሞቹ ብቻ ግማሽ ገጽ ይሞላሉ። እኔ ልጁን የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ወደፊት አንድ ሰው ኮድህን ምን ሲያደርገው ብታይ ነው የሚያንገበግብህ?» አልኩት።

«ሳይነግሩኝ ቢጠቀሙ?» ብሎ ራሱ ጀመረ። «አይ፣ ደስ ይለኛል።» ቢሸጡትስ? አሰበ። «ይሽጡ። ሰፈር ለሰፈር ዞሮ ማስተማርም ሥራ ነው።» ስም ቢሰርዙስ? «ይቆረቁረኛል። ግን እንቅልፍ አያሳጣኝም።» ከዚያ ዝም ብሎ ቆየና ወደ ጓዳ፣ ወደ እናቱ አየ። «አንድ ሰው ወስዶ አሻሽሎት፣ ማሻሻያውን ቆልፎበት፣ ተመልሶ ለእናቴ እቁብ በብር ቢሸጥላት... እሱን አልችለውም።»

መልሱ መጣ! ከዚህ በኋላ ያለው የወረቀት ምርጫ ነው።

ላይሰንሶችን ብዙ አታብዟቸው፤ ዋናዎቹ ሁለት ዘር ናቸው። አንደኛው ዘር «ውሰድ፣ ቀይር፣ ሽጥ፣ ከፈለግህ ቆልፍበት፤ ስሜንና ይህችን ወረቀት ብቻ አትጣል፤ ቢበላሽም አትክሰሰኝ» የሚለው ነው። ኤም.አይ.ቲ. እና ቢ.ኤስ.ዲ. የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። ኤም.አይ.ቲ. ከአንድ ገጽ በታች ነው፤ ሻይ እስኪበርድ ተነብቦ ያልቃል። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው አፓቼ 2.0 የእነሱ ወንድም ነው፤ ረዘም ይላል፣ የፓተንት ጉዳይ ስለሚጨምር ትልልቅ ኩባንያዎች ይወዱታል። ለእቁብ ፕሮግራም ፓተንት ምን አገባው ብዬ አልፌዋለሁ።

ይህን ዘር የመረጠ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አንድሩ ታነንባም የሚባሉ በአምስተርዳም ያስተምሩ የነበሩ ፕሮፌሰር በ1987 እ.ኤ.አ. ሚኒክስ የሚባል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለተማሪዎቻቸው ሠሩ። ሦስተኛው ሚኒክስ በቢ.ኤስ.ዲ. ላይሰንስ ነበር የወጣው። በ2017 ምን ተሰማ? ኢንቴል በኮምፒውተር ቺፖቹ ሆድ ውስጥ ሚኒክስን አስገብቶት ኖሯል! በስንትና ስንት ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ሲሠራ ፕሮፌሰሩ አያውቁም። ተናደዱ? አልተናደዱም። ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ኢንቴልን አመሰገኑ፤ ግዴታ ባይሆንም ሲጨርሱ ቢነግሩኝ ጨዋነት ነበር ብለው ግን ጨመሩበት። አያችሁ፣ እኚህ ሰው ምን እንደሰጡ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ቅር ያላቸው ነገር ቢኖር አንዲት ስልክ ብቻ ናት። የዚህ ዓይነት ሆድ ካለህ ኤም.አይ.ቲ. ወይም ቢ.ኤስ.ዲ. ምረጥና ተኛ።

ሁለተኛው ዘር ሆደ ሰፊም፣ ቁጡም ነው። «ውሰድ፣ ቀይር፣ ሽጥም። ነገር ግን ቀይረህ ለሌላ ሰው ከሰጠህ፣ እኔ አሠራሩን እንዳሳየሁህ አንተም የራስህን ማሻሻያ በዚሁ ወረቀት አሳየው» ይላል። ጂ.ፒ.ኤል. የሚባለው ነው። የጻፈው ሪቻርድ ስቶልማን ነው፤ በ1989 የመጀመሪያው፣ በ1991 ሁለተኛው፣ በ2007 ሦስተኛው ወጣ። የእሱም መነሻ ንዴት ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? በሚሠራበት ቤተ ሙከራ ወረቀት እየያዘ የሚያስቸግር ፕሪንተር ነበር። ኮዱን አግኝቶ ሊያስተካክለው ቢፈልግ፣ ኮዱ ያለው ሰው አልሰጥም አለው። ስቶልማን ይህን ታሪክ ራሱ ደጋግሞ ተናግሮታል። እሱም እንደኛው ልጅ ያንገበገበውን ለይቶ አውቆ ነው ወረቀት የጻፈው።

ሊኑክስን ታውቁታላችሁ፤ አንድሮይድ ስልካችሁ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ በ1991 ሲያወጣው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው ያለው። የመጀመሪያ ላይሰንሱን ራሱ ጻፈው፦ ማንም ብር እንዳይቀበልበት። ኋላ ግን ሰዎች በዲስኬት ገልብጠው ሲያድሉ የዲስኬቱን ዋጋ እንኳ መጠየቅ አልቻሉም። በ1992 ወደ ጂ.ፒ.ኤል. ቀየረው። ሽያጩ እንዳልሆነ ገብቶታል፤ የሚፈልገው ኮዱ እንዲመለስለት ነበር።

«ኧረ ተዪኝ፣ እዚህ አገር ማን ይከሰሳል?» አለኝ ልጁ። ጥያቄው ልክ ነው። መልሴ ግን ከእናቱ እቁብ ነው የመጣው። እቁቡ ደንብ አለው፣ በወረቀት ተጽፎ የተፈረመ። ስንት ጊዜ ፍርድ ቤት ሄዳችሁበት ብዬ እናቱን ጠየቅኋቸው። «አንድም ቀን» አሉ። ደንቡ ስላለ ግን ያልከፈለ ሰው ዓይን ዓይናቸውን ማየት ያቅተዋል። በውጭውም ዓለም ቢሆን ብዙው በንግግር ነው የሚያልቅ። ሊንክሲስ የሚባለው የዋይፋይ ራውተር በ2003 ውስጡ ሊኑክስ እንዳለበት ሰዎች ደረሱበት፤ ኮዱን አሳዩን ብለው ወተወቱ፤ ኩባንያው በመጨረሻ አወጣው። ከዚያ ኮድ ላይ ተነስተው ኦፕን ደብሊው አር ቲ የሚባለውን የራውተር ሶፍትዌር ሠሩ፤ ዛሬም አለ። ወረቀቱ ባይኖር የትኛውን አንቀጽ ይዘው ይወተውቱ ነበር?

እዚህ ጋ ስንደርስ ልጁ «በቃ ጂ.ፒ.ኤል. አደርገዋለሁ» ብሎ ላፕቶፑን ሊከፍት ተነሳ። ቁጭ በል አልኩት። የኮዱ ግማሽ የማን ሆነና! አብረው የጻፉት ነገር የሁለቱም ነው፤ አንዱ ብቻውን ተነስቶ ላይሰንስ ሊመርጥለት አይችልም። ይህንን ቀልድ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። ሁላችሁም ፊልም የምታዩበት ቪ.ኤል.ሲ. በ1996 እ.ኤ.አ. ፓሪስ አካባቢ በተማሪዎች ነው የተጀመረው። በ2011 ከአይፎን መደብር ወጣ፤ ጂ.ፒ.ኤል. እና የአፕል ደንብ አይስማሙም ብሎ የተቃወመው ከራሱ ከቪ.ኤል.ሲ. ጸሐፊዎች አንዱ ነበር። የቀሩት አብዛኛውን ኮድ ወደ ለስላሳው ኤል.ጂ.ፒ.ኤል. ለመቀየር እስከ 2012 ድረስ ባለፉት ዓመታት አንዳንድ መስመር ያዋጡ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን እየፈለጉ፣ እየለመኑ ፈቃድ ሰበሰቡ። ቪ.ኤል.ሲ. አይፎን ላይ የተመለሰው በ2013 ነው። ያንተ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ያውም ሁለት ሰፈር ማዶ ያለ። ደውልለት!

አልደውልም አለ። እኔ ደወልኩ። (አምድ አዘጋጅ መሆን ሽምግልናም አለበት።)

ጓደኛው በሚቀጥለው ቅዳሜ ካፌ መጣ፤ ፊቱን አኮሳትሮ፣ ማኪያቶውን እያማሰለ፣ ከእኔ ጋር ብቻ እያወራ። «እኔ ስስት አይደለም» አለ። «ቢሮ ውዬ፣ ማታ ዓይኔ እስኪቀላ የጻፍኩትን ሌላ ሰው ቤት ሲሠራበት እንዴት ዝም እላለሁ?» ቢሮ የሚለውን ስሰማ አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ ኮዱን የጻፍከው በሥራ ሰዓት፣ በቢሮ ሥራነት ነው? ምክንያቱም አዋጁ ተቀጣሪ ለሥራው ብሎ የፈጠረውን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ያደርገዋል። «በራሴ ላፕቶፕ፣ በራሴ ማታ» አለ። ተመስገን።

የእሱን ንዴት ስንፈትሸው ከሽያጩ ጋር ያለው ጠብ ትንሽ ነው። ‹ነፃ› የሚለው ቃላችን ነው ያደናገረው። በአማርኛ አንድ ነገር ‹በነፃ› ነው ስንል ዋጋ የለውም ማለታችን ነው፤ ‹ነፃ› ነው ስንል ደግሞ አልታሰረም ማለት ነው። ጂ.ፒ.ኤል. የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ነው። እነሱም ራሳቸው ሊሸጡት ይችላሉ፤ ለእቁቦች እየዞሩ ቢያስተምሩ፣ ቢጠግኑ፣ ብር ቢያስከፍሉ ከልካይ የለባቸውም። ይህን ሲሰማ ማማሰሉን አቆመ።

ቀጥሎ «እንግዲያው ለንግድ አይሆንም የሚል እንጻፍበት» አለ። ይህ ሐሳብ ለብዙ ሰው ይመጣል። አንደኛ፣ ንግድን የሚከለክል ላይሰንስ ኦፕን ሶርስ አይባልም፤ ከ1998 ጀምሮ ትርጉሙን የሚጠብቀው ድርጅት ይህን አይቀበልም። እነዚያን የምታውቋቸውን የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶችም ለሶፍትዌር ባትጠቀሙ ይሻላል የሚሉት ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ ለጽሑፍና ለሥዕል ነው የተሠሩት። ሁለተኛ፣ ንግድ ምንድን ነው? እቁቡ ለሰብሳቢነታቸው ለእናትየዋ ትንሽ ነገር ቢሰጣቸው ነጋዴ ተባሉ ማለት ነው? ጓደኛው መልስ አጣ። የራስን አንቀጽ መፍጠርም እንዲሁ ጣጣ ነው። ዳግላስ ክሮክፎርድ የሚባል አሜሪካዊ በሶፍትዌሩ ላይሰንስ ላይ ለመልካም እንጂ ለክፋት አይዋል የሚል መስመር ጨመረ። ማን ይጠላዋል? ግን ክፋት ምን እንደሆነ ዳኛ የሚያስፈልገው ሆነና፣ ዴቢያንን የመሳሰሉት ትልልቅ የነፃ ሶፍትዌር ስብስቦች አናስገባውም አሉ። በባለሙያ የተጻፈ ወረቀት ሞልቶ እያለ አትድከሙ።

የከበደው ነገር ሌላ ነበር። ያ ኮድ ወሳጁ ልጅ ፕሮግራሙን ለእቁቦቹ አይሰጣቸውም። የራሱ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ፣ እነሱ በቴሌግራም ቦት እያዘዙ ይጠቀሙበታል። ጂ.ፒ.ኤል. ደግሞ ግዴታው የሚመጣው ፕሮግራሙን ለሌላ ሰው ስትሰጥ ነው። እሱ አልሰጠማ! ወጡን እያስቀመሰ ድስቱን ከጓዳ አላወጣም። ለዚህ ቀዳዳ ነው በ2007 ኤ.ጂ.ፒ.ኤል. 3 የወጣው፦ አሻሽለኸው ሰዎች በኔትወርክ የሚጠቀሙበት ከሆነ እንኳ የአሻሻልከውን ኮድ ለተጠቃሚዎቹ አቅርብ ይላል። አንዳንድ ትልልቅ ኩባንያዎች ይህን ላይሰንስ እንደ ኮሶ ይሸሹታል። ሁለቱ ልጆች ይህን ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩና ሳቁ። «ይሽሹ!»

የጳጉሜን ክፍል ግን ጓደኛው ለየው። ቀን ቆጠራው ከእቁብ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የክሊኒክ ቀጠሮ የሚሠራውም፣ የትምህርት ቤት መዝገብ የሚሠራውም ይፈልገዋል። «እሱን ማንም ይውሰደው፤ ሌላ ሰው ጳጉሜ ላይ እንዳይዋረድ» አለ። እሱ ለብቻው በኤም.አይ.ቲ. እንዲወጣ ተስማሙ። ኤም.አይ.ቲ. ያለው ኮድ ኤ.ጂ.ፒ.ኤል. ባለው ውስጥ ሲገባ ጠብ የለውም፤ እና እቁቡ እንደ ድሮው ይጠቀምበታል።

ወረቀቱን ሊያስገቡ ላፕቶፕ ሲከፍቱ አንድ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ፕሮግራሙ ደረሰኝ የሚያትመው አቢሲኒካ በሚባለው የግዕዝ ፎንት ነው፤ ፎንቱም አብሮ ታሽጎ ይወጣል። አቢሲኒካ የራሱ ወረቀት አለው፣ ኦፕን ፎንት ላይሰንስ ይባላል። ከሌላ ነገር ጋር አሽገህ ብትሸጠው ይፈቅዳል፤ ለብቻው መሸጥ አይፈቅድም፤ የባለቤቱን ስምና ላይሰንሱን አብሮ መያዝ ግን ግዴታ ነው። ጓደኛው ፋይሎቹን ከላይ እስከ ታች ፈለገ። የለም። ከሁለት ዓመት በፊት «ቦታ ይይዛል» ብለው የሰረዙት እነሱ ራሳቸው ነበሩ።

ካፌው ጸጥ አለ። «ስለዚህ እኛም ስም ሰርዘናል» አለ ልጁ። ጓደኛው ጭንቅላቱን ይዞ «ሁለት ዓመት ሙሉ!» አለ። ሦስት ሳምንት ያልተነጋገሩ ልጆች አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተው የፎንቱን ወረቀት ወደ ቦታው መለሱ። እኔ ሽምግልናዬ ያለቀው ያኔ ይመስለኛል።

የቀረው አሠራር ቀላል ነው፤ እናንተም ብትሞክሩት አምስት ደቂቃ ነው። ሙሉውን የላይሰንስ ጽሑፍ፣ አንድ ቃል ሳትነኩ፣ ላይሰንስ በሚል ስም ከኮዱ አናት ላይ አስቀምጡ። ጊትሃብ ላይ አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቱም ምረጥ የሚል ቦታ አለው። ወደ አማርኛ ተርጉማችሁ በቦታው አትተኩት፤ የጂ.ፒ.ኤል. ባለቤቶች የሚቀበሉት የእንግሊዝኛውን ብቻ ነው። ለሰፈር ሰው እንዲገባው ግን ከጎኑ በሁለት መስመር አማርኛ ማስረዳት ነውር የለውም። ደግሞም አስቡ፤ ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ አዲሱን በሌላ ላይሰንስ ማውጣት ትችላላችሁ፣ ዛሬ በእጁ የገባውን ሰው ግን መልስ ልትሉት አትችሉም። እንደ ቴክስቴ ነው።

እናትየዋ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። «ብር ቢጎድል ማን ይጠየቃል?» እነዚህ ላይሰንሶች ሁሉ ዋስትና የለንም፣ በራስህ ኃላፊነት ተጠቀም ይላሉ አልኳቸው። «ለእኔ ልጅ ግን እንደሱ የለም፣ ጎረቤት ነው!» ብለው ሳቁ። ወረቀት የማያድንበትም ቦታ አለ።

የዋሽንግተኗ ልጅ መልስ ባገኘች ማግስት እርማቷን ልካለች። ስም የሰረዘውን ልጅ ደውለውለታል። የድሮውን ያለ ፈቃድ እንደወሰደ፣ አዲሱን መውሰድ ከፈለገ ግን ስማቸውን መልሶ፣ ያሻሻለውን ለእቁቦቹ እንዲያሳይ ነግረውታል። ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ «አየዋለሁ» እንዳለ ነው።

አሁን ያላለቀው ነገር አንድ ብቻ ነው። ከላይሰንሱ ጋር ዓመተ ምህረቱና የባለቤቶቹ ስም ይጻፋል። የማን ስም ይቅደም? የፊደል ተራ ያሉት አልሆነም፤ በዕድሜ ያሉትም አልሆነም። እናትየዋ ነገሩን ሰምተው ለሚቀጥለው እሁድ ቀጠሮ ሰጥተዋቸዋል። ሁለት ወረቀት ጠቅልለው ከእቁቡ ዕጣ ጋር አንድ ሳህን ውስጥ ሊያደርጉት ነው።